የቴሌቪዥን ዜና ሪፖርተር ለመሆን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዲስ ተመራቂዎች፣ ከሬዲዮና ከጋዜጣ ወደ ቴሌቪዥን መዛወር የሚፈልጉ ባልደረቦች፣ አልፎ አልፎም ልጃቸው ይህን ሙያ የመረጠባቸው ወላጆች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እዚህ ተሰብስበዋል። መልሶቹ በኢትዮጵያ ጣቢያዎች አሠራር ላይ የተመሠረቱ ናቸው፤ መጨረሻ ላይ አሜሪካን የሚመለከት አንድ ጥያቄ አለ።

ሪፖርተርና ዜና አንባቢ አንድ ናቸው?

አይደሉም። ዜና አንባቢው ስቱዲዮ ተቀምጦ አርታኢ ያጸደቀውን ጽሑፍ ያቀርባል። ሪፖርተሩ ከካሜራ ባለሙያና ከሹፌር ጋር ይወጣል፤ ቦታውን ያያል፣ ሰው ያነጋግራል፣ ጽሑፉን ይጽፋል፣ በራሱ ድምፅ ያነባል፣ ከቪዲዮ ኤዲተሩ ጎን ቁጭ ብሎ ያስጨርሳል። በክልል ቅርንጫፎች ሰው ስለሚያንስ ሁለቱንም ሥራ ደርቦ የሚሠራ፣ ካሜራውንም ራሱ የሚሸከም ሪፖርተር አለ። 1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ በሚፈጅ ዜና ውስጥ የሪፖርተሩ ፊት ቢበዛ 15 ሰከንድ ይታያል፤ ብዙ ጊዜ ጭራሽ አይታይም። መታየት ብቻ የሚስበው ሰው ቶሎ ይሰለቻል።

ጋዜጠኝነት አልተማርኩም፤ መግባት እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ማስታወቂያዎቹ ብዙውን ጊዜ ጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽንን ያስቀድማሉ፤ ቀጥለው ግን ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ፣ ፖለቲካል ሳይንስ፣ አንዳንዴም ኢኮኖሚክስ ወይም ሕግ የተማሩትን ይቀበላሉ። አዲስ አበባና ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች በጋዜጠኝነት ትምህርታቸው ይታወቃሉ፤ በሌሎችም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርቱ አለ። ከ2015 ጀምሮ የዲግሪ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ስለሚወስድ፣ ቀጣሪው ከዲግሪው ጋር የፈተናውን ውጤትም ሊጠይቅ እንደሚችል አስቡ።

በእኛ ግምት፣ ኢኮኖሚክስ ተምሮ መጻፍ የሚችል ሰው መጻፍ ብቻ ተምሮ ስለምንም ነገር ጠለቅ ያለ ዕውቀት ከሌለው ይሻላል። የባንክን የሒሳብ ሪፖርት ማንበብ የሚችል፣ የፍርድ ቤት ብይንን ከፍርድ የሚለይ፣ የጤና ጥናት ምን እንደሚልና ምን እንደማይል የሚያውቅ ሪፖርተር በየጣቢያው እጥረት አለ። ሁለተኛ የአገር ውስጥ ቋንቋም ትልቅ አቅም ነው። አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛ፣ ሲዳምኛ ወይም ሌላ ቋንቋ የሚችል አመልካች ያለ አስተርጓሚ መሥራት ስለሚችል የስምሪት ክፍሉ ሁሌም ይፈልገዋል።

የመግቢያ ፈተናው ምን ምን አለው?

አብዛኛው ጣቢያ በሁለት ዙር ይፈትናል። በጽሑፉ ዙር ሁለት ሦስት ገጽ የሆነ ጋዜጣዊ መግለጫ ይሰጥና አጭር ዜና አድርጋችሁ እንድትጽፉ ትታዘዛላችሁ። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ትርጉምና ጠቅላላ ዕውቀትም አለበት። ብዙ ሰው የሚወድቀው በመግቢያው ዓረፍተ ነገር ነው። «የእንዲህ ሚኒስቴር ሚኒስትር ዴኤታ ክቡር አቶ እገሌ በዛሬው ዕለት በተካሄደው የግማሽ ዓመት የዕቅድ አፈጻጸም መድረክ ላይ» ብሎ የጀመረ ተፈታኝ ዜናው ላይ ሳይደርስ ትንፋሽ ያልቅበታል። ማን እንደተናገረ ወደ ኋላ ይቆያል፤ ምን ተለወጠ፣ ማንን ይነካል የሚለው ይቀድማል።

ሁለተኛው ዙር የድምፅና የካሜራ ፈተና ነው። ጽሑፉን ከተቀበላችሁ በኋላ ባለችው ትንሽ ጊዜ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት፤ ትንፋሽ የምትወስዱበትን ቦታ በጭረት፣ የሚጠብቁ ፊደላትን በነጥብ። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን ስለማያሳይ «ይመታል» የሚለውን በተሳሳተ መንገድ ያነበበ ሰው መቺውን ተመቺ ያደርገዋል። ቁጥሮችንም በፊደል ጻፏቸው፤ 1,350,400 ላይ መንተባተብ የብዙ ተፈታኞች መሰናክል ነው። ካሜራ ፊት ስትቆሙ አገጫችሁን ቀና አታድርጉት፣ የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻም አትዋጡት። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ የተዋጠ ግስ ተመልካቹን «ተፈቀደ ነው ወይስ ተከለከለ?» እያለ ይተወዋል።

ለልምምድ የአንድ ወር ጊዜ ስጡ። በየቀኑ የአንድ ደቂቃ ዜና በስልካችሁ ቀድታችሁ መልሳችሁ ስሙ፤ በደቂቃ ስንት ቃል እንደምታነቡም ቁጠሩ። በአማርኛ ወደ 100 ቃል ገደማ ደህና ፍጥነት ነው።

የጎጃም (የወሎ፣ የሐረር…) ለዛ አለኝ፤ ችግር ይሆናል?

ለዛው አይደለም ችግሩ። ቃላቱ ከተለዩና ግሱ ከተሰማ ተመልካቹ ይቀበላችኋል። ድምፃችሁን አወፍራለሁ ብላችሁ ከጉሮሮ አትጫኑት፤ ከሁለት ዜና በኋላ ይሻክራል።

አንድ የሥራ ቀን ምን ይመስላል?

አንድ ምሳሌ እንከተል። ውኃ በፈረቃ በሚደርሰው አንድ የአዲስ አበባ ሠፈር ለሁለት ሳምንት ቧንቧው ደርቋል እንበል። ጠዋት 2፡30 በኤዲቶሪያል ስብሰባ ጥቆማው ይቀርባል፤ ስምሪት ይወጣል። መኪናው ከመነሣቱ በፊት ሦስት ስልክ ይደወላል፦ ለጠቋሚው ነዋሪ፣ ለወረዳው፣ ለውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ሕዝብ ግንኙነት። ከባለሥልጣኑ ጋር የሚያዘው ቀጠሮ ከሠፈሩ በኋላ መሆን አለበት። ቀድማችሁ ቢሮ ከሄዳችሁ ያላያችሁትን ነገር መጠየቅ አትችሉም፤ የሚሰጣችሁን መግለጫ ተሸክማችሁ ትመለሳላችሁ።

4 ሰዓት ላይ ሠፈሩ ስትደርሱ ቃለ መጠይቁ ይቆይ፤ መጀመሪያ ምስሉ። የተሰለፉት ቢጫ ጄሪካኖች ሰዉ ካሜራ ሲያይ ይነሣሉ፣ የአህያ ጋሪው ውኃውን ሽጦ ይሄዳል። ሰዉ ግን ይጠብቃችኋል። የካሜራ ባለሙያው እያንዳንዱን ምስል ሳያንቀሳቅስ 10 ሰከንድ ይያዝ፦ መንገዱን ከሩቅ፣ ሰልፉን ከመካከል፣ ከዚያ ቀረብ ብሎ ቧንቧውን የሚከፍት እጅ። ቧንቧው ሲከፈት አየር ብቻ «ፍሽሽ» ይላል። ያ ድምፅ የዜናው መግቢያ ነው፤ ማይኩን አስጠግታችሁ ቅዱት።

ከዚያ ሦስት አራት ሰው አነጋግሩ። «ስለ ውኃ ችግሩ ምን ይላሉ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ የምትሰሙት «መንግሥት መፍትሔ ይስጠን» ነው። «ትናንት ውኃ ከየት አመጡ? አንዱን ጄሪካን በስንት ገዙ? በቀን ስንት ይበቃችኋል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ላይ ቁጥር አለ፤ ቁጥሩ የወር ወጪ ይሆናል፤ እሱ ነው ዜናው። ስም፣ የአባት ስምና ሥራ እዚያው ይጻፍ። እናት የሚሆኑ ሴትን «እናቴ» ብሎ መጥራት በቃለ መጠይቁ መካከል ያምራል፤ በጽሑፉ ላይ ግን ወይዘሮ እገሊት ናቸው።

6 ሰዓት ሳይሞላ፣ ማለትም ኃላፊው ምሳ ሳይወጡ፣ ቢሮው ትገባላችሁ። የትኛው ፓምፕ ወይም መስመር ተበላሸ? መቼ? መለዋወጫው የት ደረሰ? በየትኛው ቀን ይከፈታል? ኃላፊው ለስድስት ደቂቃ ይናገራሉ፤ የምትጠቀሙት 12 ሰከንዱን ነው። ቀን ካልጠቀሱ ደግማችሁ ጠይቁ፤ «በቅርቡ» መልስ አይደለም።

ከቀኑ 8 ሰዓት ጣቢያ፣ 9 ሰዓት ላይ ጽሑፉ አርታኢው እጅ፣ 10፡30 ድምፅ ቅጂ፣ 11 ሰዓት ኤዲቲንግ። ለምሽቱ 2 ሰዓት ዜና 1 ሰዓት ላይ ያልደረሰ ሥራ አርታኢውን ስለሚያስጨንቀው ሳይመረመር ሊያልፍ ይችላል፤ ስሕተት የሚገባውም በዚያች ሰዓት ነው። የተጠናቀቀው ዜና በግምት እንዲህ ይቆማል፦ የቧንቧው ድምፅ 5 ሰከንድ፣ ትረካ 20፣ ነዋሪ 12፣ ትረካ 15፣ ሌላ ነዋሪ 10፣ ሪፖርተሩ ጄሪካኖቹ መካከል ቆሞ የወር ወጪውን ሲያሰላ 15፣ ኃላፊው 12፣ መዝጊያ ትረካ 11።

በቀረጻ ላይ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ምንድን ነው?

ድምፅ። ምስል ቢደበዝዝ ተመልካች ይታገሣል፤ ድምፅ ከተበላሸ ጣቢያ ይቀይራል። ያለ ጆሮ ማዳመጫ የሚቀረጽ ቃለ መጠይቅ ቁማር ነው። ትንሿ የልብስ ማይክ ከአገጭ አንድ ስንዝር ዝቅ ብላ ትሰካለች፤ ነጠላ ወይም ጋቢ የለበሰ ሰው ላይ ግን ጨርቁ እየታከካት ትንኮሻኮሻለች። ነጠላውን ወደ ጎን እንዲያደርጉ በትሕትና ጠይቁ፤ ካልሆነ የእጅ ማይክ ያዙ። ጄኔሬተር ካለ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ራቁ። ቦታውን ከመልቀቃችሁ በፊት ማንም ሳይናገር 30 ሰከንድ የአካባቢውን ድምፅ ቅዱ፤ ኤዲተሩ መቁረጫዎቹን የሚሸፍነው በእሱ ነው።

ቢሮ ውስጥ ስትቀርጹ ምስሉ ላይ ጥላ መሰል ጭረት ከወረደ ወይም ብርሃኑ ከተርገበገበ የካሜራውን ፍጥነት ተመልከቱ። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ካሜራው በሰከንድ 25 ፍሬም (ቋሚ ምስል)፣ ሹተሩ፣ ማለትም እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ፣ 1/50 ሰከንድ ላይ መሆን አለበት። ብዙ ስልኮች ከፋብሪካ በ30 ፍሬም ተስተካክለው ስለሚመጡ ችግሩ በስልክ ቀረጻ ይብሳል። መስኮት ጀርባው ያለ ባለሥልጣንም ፊቱ ይጠቁራል፤ ወንበሩን አዙሩት፤ ለዚህ ፈቃድ መጠየቅ አያሳፍርም።

ሁልጊዜ ስብሰባ ነው የምላከው። ምን ላድርግ?

ይህ የብዙ ጀማሪ ቅሬታ ነው፤ ትክክለኛም ቅሬታ ነው። የአዳራሽ ዜና መድረክ፣ አበባ፣ የሚጽፉ ተሰብሳቢዎችና ንግግር ነው፤ ተመልካች አንዱን ከሌላው አይለየውም። ስምሪቱን እምቢ ማለት ባትችሉም ይዛችሁ የምትመለሱትን መወሰን ትችላላችሁ። ከአንድ ቀን በፊት የስብሰባውን ሰነድ ከሕዝብ ግንኙነቱ ለምኑ። ስለ ማዳበሪያ ሥርጭት ከሆነ ንግግሩን ለ20 ደቂቃ ተከታትላችሁ ውጡ፤ ከተሰብሳቢዎቹ መካከል ከወረዳ የመጣውን የግብርና ባለሙያ በረንዳ ላይ አነጋግሩት። ከተቻለ በመመለሻችሁ ገበሬውን በስልክ አግኙ፤ ኩንታሉ ስንት ገባ፣ ከዘር በፊት ነው ከዘር በኋላ የደረሰ? አርታኢ ባለ ሕይወት ዜና ይዞ የተመለሰን ሪፖርተር ቀስ በቀስ ወደ አዳራሽ መላክ ይተዋል።

ቁጥርና ቀን ላይ ምን ልጠንቀቅ?

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ስለዚህ «ባለፉት 9 ወራት» ማለት እስከ መጋቢት 30 ያለው ነው። «የዕቅዱን 94 በመቶ አሳክተናል» ሲባል ዕቅዱ ራሱ ስንት እንደነበር፣ ካለፈው ዓመት ዝቅ ተደርጎ እንደሆነም ጠይቁ። ሽፋኑ ከ40 በመቶ ወደ 50 በመቶ ካደገ ያደገው በ10 የመቶኛ ነጥብ ነው፤ «በ10 በመቶ አደገ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ተሳስታችኋል፣ ዕድገቱ 25 በመቶ ነውና። የሕዝብ ብዛት ስትጠቅሱ የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 መሆኑን አትርሱ፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ትንበያ ስለሆነ «ይገመታል» በሉ።

የውጭ ዜና ስትተረጉሙ ከግሪንዊች ሰዓት ላይ 3 ቀንሱ፤ ቀትር 12 ሰዓት ከሆነ በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። በግሪንዊች ማታ 22 ሰዓት ግን በእኛ ሌሊት 7 ሰዓት ስለሚሆን በፈረንጆቹ ቀን ተሻግሯል። ዓመተ ምሕረቱም ከመስከረም እስከ ፈረንጆች ዓመት መጨረሻ ድረስ በ7፣ ከዚያ በኋላ በ8 ይለያል፤ «ሁሌም 8 ቀንስ» ብሎ የያዘ ሰው በየመጸው ይሳሳታል።

መሥሪያ ቤቶች «የትብብር ደብዳቤ አምጡ» ይላሉ። መብቴ ምንድን ነው?

ደብዳቤው በተግባር አይቀርም፤ ጣቢያችሁ ማኅተም ያረፈበትና ቀኑ ክፍት የሆነ ቅጂ እንዲያዘጋጅላችሁ ጠይቁ፣ የክልል ጉዞ ላይ አምስት ስድስት ያዙ። ደብዳቤ ሰጥታችሁም መረጃ ከተከለከላችሁ ጥያቄውን በጽሑፍ አድርጉትና አስመዝግቡት። የመገናኛ ብዙኃን ነፃነትና የመረጃ አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት አካል ለጽሑፍ ጥያቄ በ30 ቀናት ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ለዕለት ዜና አይደርስም፤ ለምርመራ ሥራ ግን የተመዘገበው ጥያቄ ራሱ ማስረጃ ነው፤ «ጠይቀን አልመለሱም» ስትሉ ቀኑንና ቁጥሩን ትጠቅሳላችሁ። ስለ ጋዜጠኞች መብትና ግዴታ ደግሞ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013ን ሙሉውን አንብቡ።

የመድረክ አዘጋጁ በፖስታ «አበል» ሰጠኝ። ልቀበል?

አትቀበሉ። አበል የሚከፍላችሁ ጣቢያችሁ ነው። ፖስታ የወሰደ ሪፖርተር በማግስቱ ስለዚያው ድርጅት አቤቱታ ሲመጣ እጁ ታስሯል፤ ድርጅቱም ያውቀዋል። «በጣቢያችን ሕግ አልተፈቀደልኝም፣ አመሰግናለሁ» ማለት በቂ ነው። ደመወዙ ትንሽ ስለሆነ ፈተናው ከባድ ነው፤ ይገባናል። ምሳና ውኃ ሌላ ነገር ነው።

ከቴሌግራም የመጣ ቪዲዮ ዜና ላይ ማዋል እችላለሁ?

መጀመሪያ የቀረጸውን ሰው ፈልጉ፤ ሁለተኛ ሳይቆራረጥ የነበረውን ዋናውን ፋይል ጠይቁ። ከቪዲዮው ሁለት ሦስት ቋሚ ምስል አውጥታችሁ በምስል መፈለጊያ ፈልጉ፤ ከዓመታት በፊት የተቀረጸ ቪዲዮ ዛሬ የሆነ ተብሎ ይመጣል። ወቅቱን አስተውሉ፦ ክረምት ነው በተባለ ቀን መሬቱ ደርቆ ከታየ ተጠራጠሩ። የመኪና ታርጋ፣ የሱቅ ጽሑፍ፣ የሰዉ አነጋገር ቦታውን ይናገራሉ። አስከሬንና የሕፃናት ፊት ማረጋገጫ ቢኖርም አይተላለፍም።

አደገኛ ቦታ ብላክስ?

ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን በ1977 የኮረምን ረኀብ ለዓለም ያሳየ ሰው ነው። በ1983 አዲስ አበባ ውስጥ የፈነዳውን የጥይት መጋዘን ሲቀርጽ አንድ እጁን አጣ፤ አብሮት የነበረው የድምፅ ባለሙያ ጆን ማታይ ሞተ። ፍንዳታ፣ እሳትና የተናደ ሕንፃ ተከታይ እንዳለው አስቡ፤ ሩቅ ቆሞ በማጉሊያ ሌንስ መቅረጽ ፍርሃት አይደለም። ስትወጡ መንገዳችሁንና የመመለሻ ሰዓታችሁን ለስምሪት ኃላፊው ንገሩ፤ መኪናው አፍንጫውን ወደ መውጫው አዙሮ ይቁም። ሹፌሩ «አይሆንም፣ እንመለስ» ካለ ተመለሱ፤ መንገዱን ከማንም በላይ ያውቀዋል።

ክፍያውስ?

ከጣቢያ ጣቢያ በጣም ስለሚለያይ ቁጥር መጥቀስ ያሳስታል። ከመፈረማችሁ በፊት የምትጠይቁት ግን አንድ ነው፦ ማታ ዜና ስትጨርሱ ሰርቪስ አለ ወይ? የመስክ አበሉ ቀድሞ ይከፈላል ወይስ ከሪፖርት በኋላ? ኢንሹራንሱ መስክን ይጨምራል? ለካሜራ የሚለበሰውን ልብስ ማን ይገዛል? በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሚተዳደር የግል ጣቢያ የሙከራ ጊዜው ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ቀን በ1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል። ጥምቀትና መስቀል ለሪፖርተር የሥራ ቀናት ስለሆኑ የሠራችሁትን ሰዓት በማስታወሻ ያዙ፤ የስምሪት ወረቀቱንም ፎቶ አንሡት።

ልጄ አሜሪካ የአካባቢ ቴሌቪዥን ሪፖርተር መሆን ትፈልጋለች። መንገዱ ይለያል?

በጣም ይለያል። አገሪቱ በ210 የቴሌቪዥን ገበያዎች፣ ማለትም ተመልካቹ የተመሳሳይ አካባቢ ጣቢያዎችን በሚያይባቸው ቀጠናዎች፣ ተከፍላለች፤ ኒው ዮርክ ትልቁ ነው፤ ብዙ ሐበሻ የሚኖርበት የዋሽንግተን ዲሲ ገበያም ከትላልቆቹ አንዱ ስለሆነ ጀማሪ እዚያ ቦታ የሚያገኘው አልፎ አልፎ ነው። የተለመደው ጅምር ትንሽ ከተማ ሄዶ የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ውል መፈረም ነው። እዚያ ካሜራውን ራሷ ትሸከማለች፣ መኪናውን ራሷ ትነዳለች፣ ራሷን ትቀርጻለች፣ ራሷ ኤዲት ታደርጋለች። መንጃ ፈቃድ የሌለው አመልካች ብዙ ጊዜ ከበሩ ይመለሳል። ውሉን ከመፈረሟ በፊት ጠበቃ ያንብበው፤ ጊዜው ሳያልቅ ለሚለቅ ሠራተኛ የገንዘብ ቅጣት ያስቀመጠ ውል አለ፣ ለቆ በዚያው ከተማ ሌላ ጣቢያ መሥራት የሚከለክልም አለ።

የሚቀጥራት ክፍል የሚያየው ሁለት ሦስት ደቂቃ የሆነች የሥራ ናሙና ቪዲዮ ነው። የመጀመሪያዎቹ 20 ሰከንዶች በየቦታው ቆማ ስትዘግብ የሚያሳዩ አጫጭር ቅንጥቦች ይሁኑ፤ ከዚያ አንድ ሁለት ሙሉ ዜና ይከተል። በአማርኛ ቃለ መጠይቅ አድርጋ በእንግሊዝኛ የሠራችው ዜና ካላት ከፊት ታስቀምጠው፤ ሌላ አመልካች ሊያገኘው የማይችለውን ሰው ማግኘት እንደምትችል ያሳያል።